ድንጉላ ንብ በከንቱ ይበላልን?
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ነገር የንብ ጋብቻ ነው። የከፋ ሰው ቀፎውን ከደኑ ዛፍ ላይ ሰቅሎ ማር ሲቆርጥ የኖረ ስለሆነ፣ ነገሩ ለቦንጋ እንግዳ አይደለም።

አባቶቻችን የቀፎውን ገዥ «አውራ» ብለው ጠሯት፤ እርሷ ግን እናት ናት። ድንጉላውን ደግሞ ማር የማያመጣ፣ መውጊያም የሌለው በላተኛ ነው ብለን እንንቀዋለን። ይሁን እንጂ ተፈጥሮው እንቆቅልሽ ነው፤ አባት የለውም፣ አያት ግን አለው። ንግሥቲቱ ዘር ያልነካውን እንቁላል ስትጥል ወንድ፣ ዘር የነካውን ስትጥል ሴት ይፈለፈላልና።

ዳርዊን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንዶች ሴትን ለማግኘት የሚያደርጉት ፉክክር አካላቸውን እንደሚለውጥ አስረድቷል። ድንጉላው ለዚህ ምስክር ነው፤ ዓይኖቹ ከአናቱ ላይ እስኪገናኙ የገዘፉት ንግሥቲቱን በሰማይ ላይ ለይቶ ለመከተል ነው። ከብዙ ቀፎ የወጡ ድንጉላዎች በአየር ላይ አንድ ስፍራ ይሰበሰባሉ፤ ወጣቷ ንግሥት ስትመጣ ግር ብለው ያሳድዷታል። የደረሰባትም ወዲያው ብልቱ ተቆርጦ ይሞታል። እርሷ ከ10 እስከ 20 ከሚሆኑ ድንጉላዎች ጋር ተገናኝታ፣ ዘራቸውን በሆዷ አኑራ ለዓመታት ትጠቀምበታለች።

ብዙ ባል ለምን አስፈለጋት? የልዩ ልዩ አባት ልጆች ያሉበት ቀፎ በሽታን ይቋቋማል፤ የእጮቹንም ሙቀት አስተካክሎ ይጠብቃል። ጾታን የሚወስነው ዘረ መል ከእርሷ ጋር ከተመሳሰለ ድንጉላ ጋር ብትገናኝ ግን፣ በእርሱ ዘር ከተነኩት እንቁላሎች እኩሌታዎቹ ወንድ ይሆናሉ። እነዚህን ሠራተኞቹ ገና በእጭነታቸው ይበሏቸዋል፤ ሰፈፉም እንደ ወንፊት ይሳሳል።

ስለዚህ አንድ ቀፎ ብቻውን ጤነኛ ሊሆን አይችልም፤ ጤናው ከጎረቤት ቀፎና ከደኑ ይመጣል። ዩኔስኮ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 የከፋን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ትልቁ ዛፍ ሲወድቅ፣ ወይም ማር ሲቆረጥ መንጋው በእሳት ሲፈጅ፣ የሚጠፋው ያ ቀፎ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ንግሥት ባሎችም አብረው ይጠፋሉ።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየመንደራችን ስንመለስ፣ እጭ ያለበት ሰፈፍ ለንቡ እንዲተውለት፣ የቀፎ ዛፍም እንዳይቆረጥ ለወላጆቻችን እናስረዳ። ድንጉላውንም በላተኛ ከማለት እንቆጠብ፤ የሚቀጥለው ዓመት ማር በእርሱ ክንፍ ላይ ነውና።