የተጻፈው እንዲወረስ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሳይንስ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር





የተፈቀደልን ጊዜ አጭር ስለሆነ ለመናገር የመረጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም በሳይንስ ምርመራ የተገኘ መረጃ እንዴት ተጠብቆ ለሌላው እንደሚደርስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛም በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንጨምራለን፤ የተጻፈውን ወራሹ ሊያነበው ካልቻለ ምን ይጠቅማል?

በመጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥን እንመልከት። መሬት ስትናወጥ ፈጣንና ዘገምተኛ የሆኑ ሞገዶች ይነሣሉ። መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጐድጓዱ ዘግይቶ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ሞገዶቹም ሲስሞግራፍ ከሚባለው መሣሪያ የሚደርሱት አንዱ ከሌላው ተከትሎ ነው። ከጊዜው ልዩነት ርቀቱ ይታወቃል። ነገር ግን ርቀት ብቻውን ቦታን አያሳይም። በካርታ ላይ በጣቢያው ዙሪያ ክብ ብንሠራ፣ መንቀጥቀጡ የተነሣው በክቡ መስመር ላይ ካሉት ነጥቦች ከአንዱ ነው፤ ግን ከየትኛው? የሁለተኛው ጣቢያ ክብ ሲጨመር ሁለት ነጥቦች ይቀራሉ፤ የሦስተኛው ሲጨመር አንዱ ተለይቶ ይታወቃል። እንግዲህ የጎረቤት አገር ቁጥር ካልደረሰን የራሳችን ቁጥር ጎደሎ ነው። ስለዚህ በሳይንስ መረጃን መካፈል ቸርነት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1961 በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስለ ተናወጠች ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ከቤታቸው ተነሥተዋል።

በዓለም ላይ መረጃን በኅብረት ለመሰብሰብ ከተደረጉት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ከሐምሌ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 መጨረሻ የቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። በሥራው የተካፈሉት አገሮች 67 ነበሩ። ጊዜው አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በጦር መሣሪያ የሚፎካከሩበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በየሙያቸው ተሰብስበው ምን እንደሚለካ፣ መቼና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚለካ ተስማሙ። የተሰበሰበውንም የሚያኖሩ የዓለም የመረጃ ማዕከሎች አቋቋሙ፤ አንዱ በአሜሪካ፣ ሁለተኛው በሶቪየት ኅብረት፣ ሦስተኛው ደግሞ በምዕራብ አውሮፓ፣ በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ተከፋፍሎ ነበር። ግልባጩ በተለያየ ስፍራ የተቀመጠው አንዱ በእሳት ወይም በጦርነት ቢጠፋ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

አገራችንም ከዚህ ሥራ አልራቀችም። አዲስ አበባ ለመሬት የማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለምርመራው ተፈላጊ ቦታ ነበረች። በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። መሥራቹ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ሲያሳትሙ፣ ከመሣሪያዎቹ ቁጥር በተጨማሪ በጥንት ዜና መዋዕሎች የሰፈረውን ሁሉ ፈልገው ተጠቅመዋል። ያ ጸሐፊ ለሳይንስ ብሎ አልጻፈም፤ ቀኑንና ቦታውን ስለ ጻፈ ግን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ለሳይንስ ጠቀመ።

መረጃ ሲጠበቅ የሚያስገኘውን ጥቅም ሌላ ምሳሌ ያሳየናል። እንግሊዞች ለዚያው የጂኦፊዚክስ ዓመት በአንታርክቲካ ሃሊ ቤይ በተባለ ስፍራ ጣቢያ አቁመው በአየር ውስጥ ያለውን ኦዞን ይለኩ ጀመር። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚከላከልልን ጋዝ ነው። ሥራው ለብዙ ዓመት አሰልቺ መስሎ ቀጠለ። በ1985 ግን ፋርማን፣ ጋርዲነርና ሻንክሊን የተባሉ ሊቃውንት አሮጌውን መዝገብ ከአዲሱ ጋር አስተያይተው፣ በዚያ በጥቅምት ወር የሚገኘው ኦዞን እጅግ መቀነሱን ገለጹ። በ1987 መንግሥታት በሞንትሪያል ተሰብስበው ኦዞንን የሚያጠፉትን ኬሚካሎች ለመቀነስ ውል ተፈራረሙ። የድሮው መዝገብ ባይኖር ኖሮ ማነጻጸሪያ ከየት ይገኝ ነበር?

ዛሬ መረጃው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ነገር ግን ችግሩ አላበቃም። ወረቀትን ምስጥ ይበላዋል፤ የማግኔት ቴፕ ደግሞ ማንበቢያው መኪና ሲጠፋ ደንቆሮ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በላይ በአንድ መዝገብ «27» ተብሎ ቢጻፍ የሙቀት ነው ወይስ የዝናብ? በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ስፍራ ተለካ? ይህን ካልነገረን ቁጥሩ ሬሳ ነው። በ2013 የተመሠረተው ሪሰርች ዳታ አልያንስ የሚባለው ማኅበር ከብዙ አገር የመጡ ባለሙያዎችን በሥራ ቡድን የሚያሰባስበው ስለዚህ ነው። አንድ ቡድን አንድ ችግር ይዞ በ18 ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ሌላው ሊሠራበት የሚችል ስምምነት ለማቅረብ ይጥራል። የጂኦፊዚክሱ ዓመት ማዕከሎች ልማድም በ2008 በተቋቋመው የዓለም የመረጃ ሥርዓት ቀጥሏል።

«ደክመን የሰበሰብነውን ሌላው ወስዶ ቢከብርበትስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መካፈል ማለት ድሃው አገር ሰጪ ብቻ፣ ባለጸጋው ተቀባይ ብቻ ይሁን ማለት አይደለም። የሰብሳቢው ስም ከመረጃው ጋር አብሮ ሊጠራ፣ እርሱም በመረጃው ራሱ የሚመራመርበት ዕውቀትና መሣሪያ ሊያገኝ ይገባል። ነገር ግን መፍትሔው መዝገብን በሣጥን ቆልፎ ማስቀመጥ አይደለም፤ ውሉ በሚጻፍበት ጉባኤ ተገኝቶ ድምፅን ማሰማት ነው። ለዚያ ጉባኤ የሚበቁ ልጆች ደግሞ የሚወጡት ከእንደዚህ ካለው ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ዛሬ በላቦራቶሪ የምንይዘውን ደብተር በቀላል አንመልከተው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ መሣሪያውንና መለኪያውን አብረን እንጻፍ። ያልጠበቅነውን ቁጥር ስላላማረን አንሰርዘው። ሁለተኛ ግልባጭም በሌላ ስፍራ እናኑር። ወላጆቻችንም በቤታችሁ የድሮ የዝናብ ወይም የመኸር መዝገብ ቢገኝ ለዕቃ መጠቅለያ እንዳይሆን አደራ እንላለን።