የሰርግ ዲቪዲያችሁ ሳይበላሽ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ መካነ ሰላምም ሆነ ማሻ ያላችሁ፣ የሰርግ ወይም የምርቃት ዲቪዲ ካስቀመጣችሁ ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። ፎቶ ቤት የተቀዳ ዲቪዲ ምስሉን የሚይዘው በስስ የቀለም ንጣፍ ነው። ፀሐይና ሙቀት ያደክሙታል፤ ጭረት ሲታከልበት ማጫወቻው መሃል ላይ ቀጥ ይላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ዲስክ ማንበቢያ ያለው አሮጌ ላፕቶፕና በነፃ የሚገኘው ኡቡንቱ ሊኑክስ ይበቃሉ። መጀመሪያ «ዲዲሬስኪው» የተባለው ፕሮግራም ዲስኩን እንዳለ ይገለብጣል። ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ያነሣል፤ የተቧጨረውን ተመልሶ ይሞክራል። የደረሰበትን የሚጽፍበት የመዝገብ ፋይል ከሰጣችሁት፣ መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል። ቀጥሎ «ሃንድብሬክ» የተባለው ፕሮግራም ቅጂውን ስልክ ላይ ወደሚከፈት ኤምፒ4 ይለውጠዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ እስከ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ቅጂውን የምታስቀምጡበት ፍላሽ በ«ፋት32» ፎርማት የተዘጋጀ ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ «ኤክስፋት» ቀይሩት። ስትቀይሩት ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ገልብጡ።

የገበያ ፊልም አባዝቶ መሸጥ ግን በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። የራሳችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ዘመድ ጋ።