የገበሬው ታሪክ በባላባት ግቢ፦ የነቀምት ሙዚየሞችና የገጠር ታሪክ ጥያቄ



 የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ከነቀምት ከተማ ብዙም አይርቅም። ከዚህ ከቡርቃ ጃቶ ጠዋት የተነሣ ሰው የወለጋን ሙዚየምና በኩምሳ ሞረዳ ስም የሚታወቀውን ቤተ መንግሥት በአንድ ቀን ጎብኝቶ ይመለሳል። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ብዙ ጊዜ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ከእነዚህ ጉብኝቶች በኋላ በአእምሮዬ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ በወለጋ የገበሬው ታሪክ የሚቀመጥበት ቤት የትኛው ነው?

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ የተለመደ መልስ አለ። አንድ አሮጌ የእርሻ ቤት፣ ጎተራ ወይም የከብት ጋጥ ይመረጣል፤ ይታደሳል፤ ማረሻውና ወፍጮው በውስጡ ይቀመጣል። የዚህ ልማድ ታላቅ አብነት አርቱር ሃዜሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም የከፈተው ስካንሰን ነው። ከስዊድን ልዩ ልዩ አውራጃዎች የገበሬ ቤቶች እየተነሡ ወደዚያ ተወስደዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ቤቶቹ በግንድ የተሠሩ ስለነበሩ ነው፤ ግንዱ ተፈትቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሌላ ቦታ እንደገና ሊገጠም ይችላል። የስዊድን ወንጌላውያን ማኅበር ከነቀምት ጋር ረጅም ግንኙነት እንዳለው ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ በዚያ ማኅበር ትምህርት ቤቶች ተምሮ፣ በዚህችው ከተማ አስተምሮ እ.ኤ.አ. በ1931 አርፏል። ትምህርት ቤቱም የዚያ ግንኙነት ፍሬ ነው። የሃዜሊዩስ ሐሳብ ግን ወደዚህ አልመጣም፤ ቢመጣም ኖሮ ተፈትቶ የሚገጠም ቤት ባላገኘ ነበር።

ለምን? የወለጋን ጎምቢሳ እንውሰድ። በአማርኛ ጎተራ እንለዋለን። ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በቋሚ እንጨት ላይ ይቆማል፤ ግድግዳው በቀጭን እንጨት ወይም በቀርከሃ ይጠለፋል፤ ራሱ በሣር ይከደናል። ለበቆሎ የሚሠራው ነፋስ እንዲገባው ሳይመረግ ይተዋል፤ እንደ ጤፍ ላለው ደቃቅ እህል ደግሞ መመረግ ግድ ነው። ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። ከሥሩም ምስጥ አለ። የምዕራብ ወለጋን ምስጥ ያየ ሰው፣ በዚያ አገር ከእንጨት የተሠራ ነገር ለልጅ ልጅ ይተላለፋል ብሎ አያስብም። ገበሬውም እንዲህ አያስብም። ጎተራው ሲያረጅ ሌላ ይሠራል፤ የሚተላለፈው የአሠራሩ ጥበብ ነው።

ከዚህም የበለጠ አስቸጋሪ ምሳሌ ልጨምር። በምዕራብ ኦሮሚያ በብዙ ስፍራ ከብቶች ሌሊት የሚያድሩበት አጥር፣ ዳላው፣ በእርሻው ላይ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። ከብቶቹ ጥቂት ሌሊቶች ያደሩበት መሬት ፍግ ይጠግባል፤ ከዚያ አጥሩ ተነቅሎ ከጎኑ ይተከላል። ገበሬው በዚህ መንገድ እርሻውን ቁራሽ በቁራሽ ያዳብራል። ይህ በእኔ ግምት በአካባቢው ካሉት የእርሻ ሥራዎች ሁሉ ብልሃት የሞላበት ነው፤ ነገር ግን የትኛው ሙዚየም ይህን በአንድ ክፍል ሊያስቀምጥ ይችላል? አጥሩ የቆመ ዕለት ሥራውም ይቆማል።

እንግዲህ የገበሬው ቤት ሲፈርስ ሳይፈርስ የቀረው የገዢው ቤት ነው። የሌቃ ነቀምትን ታሪክ እዚህ በዝርዝር መተረክ አያስፈልገኝም። በከሬ ጎዳና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናከረውን ግዛት ልጁ ሞረዳ ወረሰ። ሞረዳ ያለ ውጊያ ለምኒልክ ገብሮ፣ ልክ እንደ ጅማው አባ ጅፋር፣ ዓመታዊ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን በእጁ አቆየ። ከእርሱም በኋላ ልጁ ኩምሳ፣ በክርስትና ስሙ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ገዛ። ግቢው እስከ ደርግ ዘመን ድረስ የቤተሰቡ ነበር። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው የእንጨቱን ሥራ፣ አዳራሹን፣ የባላባቱን ክብር ነው። አስጎብኚውም ስለ ትውልድ ሐረግና ስለ ማዕረግ ይናገራል።

እኔ ግን ያንን ግቢ እንደ እርሻ ቤት ማንበብ ይገባናል እላለሁ። ለአዲስ አበባ ይከፈል የነበረው ግብር በባላባቱ ስም ይመዝገብ እንጂ የተከፈለው በገባሩ ላብ ነው። እህሉን ያስገባ፣ ማሩን ያቀረበ፣ እንጨቱን ቆርጦ ያመጣ፣ አጥሩን ያጠረ፣ ከራሱ ማሳ ተነሥቶ የባላባቱን መሬት ያረሰ እርሱ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ቤተ መንግሥቱ የአካባቢው ትልቁ ጎተራ ነበር። ከሁሉም ጎተራዎች ለይቶ ያቆየውም ይኸው ነው፤ በየዓመቱ የሚያድሰው የሰው ጉልበት ሳይከፈለው ይመጣለት ነበር።

ይህ የነቀምት ብቻ ጉዳይ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው በገነተ ልዑል፣ ማለትም በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ውስጥ ነው። የገበሬው ሞፈርና የእረኛው ዋሽንት ከንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይጎበኛሉ። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን በሰው የሕይወት ዘመን ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞት ማደራጀቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ሞፈሩ ወደዚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከዚያ ቤት ጋር ምን ግንኙነት እንደነበረው ጎብኚው ሳይጠይቅ ይወጣል።

የጽሑፍ ምንጩም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ተሰማ ታአና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተሙት የወለጋ ሰነዶች ስብስብ ለማንኛችንም ትልቅ ሀብት ነው። የሌቃ ነቀምትን ቤተ መንግሥት ደብዳቤዎች ሳያነብ ስለዚህ አገር ኢኮኖሚ የሚጽፍ ተማሪ ካለ አማካሪው ሊያስቆመው ይገባል። ነገር ግን ደብዳቤዎቹ በአማርኛ ተጽፈዋል፤ ግብሩን ያመጣው ሰው ደግሞ የሚናገረው ኦሮምኛ ነበር። በወረቀቱ ላይ እርሱ የሚገኘው ባመጣው ነገር መጠን ነው፤ ቃሉ የለም።

በዚህ ምክንያት በወለጋ ሙዚየም ውስጥ ያሉት የእርሻና የቤት ዕቃዎች ከቆንጆ ማስታወሻነት ያለፈ ዋጋ አላቸው። ጎብኚው ግን ፈጥኖ ወደ ጣሊያኑ አውሮፕላን ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1936 በቦነያ የሆነውን የማያውቅ የነቀምት ልጅ ስለሌለ አልፈርድበትም። ቀንበሩ ፊት የሚቆም ሰው ጥቂት ነው። ለቆመው ሰውም መግለጫ ጽሑፉ የሚነግረው ብዙ መሆን አለበት። ቀንበር በኦሮምኛ ዋንጆ ነው፤ አውድማ ኦብዲ ነው፤ ደቦ ግን በሁለቱም ቋንቋ ያው ደቦ ነው፤ ይህ ራሱ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች የአብሮ መሥራት ታሪክ አንድ ምዕራፍ ያስጽፋል። ወገሉን የሠራው ቀጥቃጭ ምን ተከፈለው? ከቀጥቃጩ ጋር ገበሬው በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር ወይ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ጎተራው ውስጥ ከነበረው እህል የማን ድርሻ ቀረ? ዕቃው ዝም ቢልም፣ መልሱን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና አሉ።

እነርሱ ግን እያነሱ ነው። የጎምቢሳው ዕድልም እንዲሁ። ዛሬ በቆሎው በጆንያ ታስሮ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ሰው በሚተኛበት ቤት ይቀመጣል። ገበሬው ሌባ ስለሚፈራ ነው፤ ምክንያቱ በቂ ነው። የነቀዝ መድኃኒት ከሰው መኝታ አጠገብ መዋሉ ግን የጤና ባልደረቦቻችንን ሊያሳስብ የሚገባ ጉዳይ ነው።

አሳቤ ይህ ነው። በኩምሳ ሞረዳ ግቢ ውስጥ አንድ ጎምቢሳ ይሠራ፤ በየጥቂት ዓመቱም ፈርሶ እንደገና ይሠራ። ጃፓኖች በኢሴ የሚገኘውን መቅደሳቸውን በየ20 ዓመቱ አዲስ ይሠሩታል፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ለእነርሱ ቅርሱ እንጨቱ ሳይሆን የአናጢው እጅ ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ሣር፣ እንጨትና የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቀው ሰው ግን ክፍያ ሊሰጠው ይገባል፤ በዚያ ግቢ ያለ ክፍያ የተሠራው ይበቃል። ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀረጽ፤ የእያንዳንዱ እንጨት ስምና የጥልፉ ስም በኦሮምኛ ይመዝገብ፤ አማርኛው ከጎኑ ይቀመጥ።

አንዳንድ ባልደረቦች ይህ የሌቃን ቤት ክብር ይነካል ብለው ይሰጋሉ። አይመስለኝም። ኩምሳ ሞረዳ አስተዋይ ገዢ እንደነበር ሰነዶቹ ይመሰክራሉ፤ አስተዋይ ገዢ ደግሞ ጎተራው በማን እንደሚሞላ ያውቃል።

ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ልስጥ። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ በመንደራችሁ የመጨረሻው ጎምቢሳ መቼ እንደተጠለፈ፣ ማን እንደጠለፈው፣ ያ ሰው በሕይወት እንዳለ ጠይቃችሁ ጽፋችሁ አምጡ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።