አነስተኛ ካሎሪ ያለውን ቢራ ስለ መቅመስና ስለ መመዘን



ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ እንደሚባል የታወቀ ነው። አነስተኛ ካሎሪ ያለው ቢራ ለቀማሽ ሲቀርብም ቀድሞ የሚመጣው ጥርጣሬ ይኸው ነው፤ ይህ ቢራ ነው ወይስ ቅራሪ? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ሳይቀምሱ መስጠት ግን ከሙያው ውጭ ነው።

የዚህ ቢራ ቀጭንነት ከውኃ ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ጆሴፍ ኦዌድስ፣ ራይንጎልድ በተባለው የኒው ዮርክ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ሲሠራ፣ እርሾ ሊበላው የማይችለውን ዴክስትሪን በኤንዛይም እየሰበረ ወደ ስኳር ለወጠው። በዚህ መንገድ የተሠራው ቢራ ጋብሊንገርስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ቢቀርብም ብዙ ገዢ አላገኘም። ዴክስትሪን ሲጠፋ ካሎሪው ይቀንሳል፤ በአፍ ውስጥ የሚሰማው ሙላትም አብሮ ይሄዳል።

የዛሬዎቹ አነስተኛ ጠማቂዎች የሚታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው። በደላዌር ግዛት የሚገኘው ዶግፊሽ ሄድ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስላይትሊ ማይቲ የተባለው ቢራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በ355 ሚሊ ሊትር ውስጥ 95 ካሎሪ ሲኖረው፣ የአልኮሉ መጠን 4 በመቶ ነው። ይህም 11 ግራም ያህል አልኮል ማለት ሲሆን፣ አንዱ ግራም 7 ካሎሪ ስለሚሰጥ 78 ያህሉ ካሎሪ የሚመጣው ከአልኮሉ ነው። ለብቅሉ የቀረው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ጠማቂው ጉድለቱን ለመሙላት የመረጠው፣ እጅግ ጣፋጭ ሆኖ እርሾ የማያፈላውን ሉኦ ሃን ጉዎ የተባለ የቻይና ፍሬ ነው።

ቀማሹ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ባያውቅ ይመረጣል። «አነስተኛ ካሎሪ» የሚለውን ጽሑፍ ያየ ሰው ምላሱ ሳይነካው ቅጥነትን ይቀምሳልና። ስለዚህ ቢራው ቀለሙ እንዳይታይ በጥቁር ብርጭቆ ይቀርብለታል። ሦስት ብርጭቆዎች ተደርድረው፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ይሆናሉ። የተለየውን መለየት ያልቻለ ቀማሽ ስለ ልዩነቱ የሚጽፈው ቃል ዋጋ የለውም።

ቢራው እንደ በረዶ ቀዝቅዞ መቅረብ የለበትም፤ ብርድ ጉድለትን ይሸፍናልና። በመጀመሪያ ሽታው ይመረመራል። የሆፕ መዓዛ (ሆፕ ከጌሾ ጋር ዝምድና ባይኖረውም ሥራቸው ተቀራራቢ ነው) የሎሚና የብርቱካን ጠረን ሲሰጥ አፍንጫ ሙላት ያለ ይመስለዋል። ከዚያ ይጎረሳል፤ ይዋጣልም፤ መራራነት ዘግይቶ ደርሶ ዘግይቶ የሚሄድ ጣዕም ነውና። የሚያለዝበው ጣፋጭ ባነሰበት ቢራ መራራው ብቻውን አፍጥጦ ይሰማል። ብርጭቆው ለብ እያለ ሲሄድ ደግሞ የፍሬው ጣፋጭነት ከብቅሉ ተነጥሎ በምላስ ላይ ይቀር እንደሆነ ይታያል። የተዋጣለትና ያልተዋጣለት ቢራ የሚለዩት በዚህ ላይ ነው።

በመዝገቡ ላይ «ቀጭን ነው» የሚለው መግለጫና «አልወደድሁትም» የሚለው ፍርድ በአንድ መስመር መጻፍ የለባቸውም። «ለአነስተኛ ካሎሪ ቢራ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምሕረት እንጂ ሚዛን አይደለምና። አንድ ጋን ሙሉ ቢራ ይሸጥ ወይስ ይደፋ የሚለው ውሳኔ በጥቂት ሰዎች ምላስ ላይ በሚያርፍበት አነስተኛ ጠመቃ ቤት፣ እንዲህ ያለው ምሕረት ጠማቂውን ያሳስተዋል።

ይህ ቢራ ከአንድ ብርጭቆ በላይ እንዲጠጣ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ የመጨረሻው ነጥብ የሚሰጠው ሁለተኛው ብርጭቆ ከተቀመሰ በኋላ ነው።