የደከመ ቡጢኛ ወደ ሪንግ ይመለስ?

ጓንቱን የሰቀለ አንጋፋ ቡጢኛ «ልመለስ» ሲል ሊፈቀድለት ይገባል? የመሐመድ አሊ ታሪክ መልስ አለው። አሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ከቡጢ ተሰናበተ፤ በ1980 ግን በ38 ዓመቱ የቀድሞ የልምምድ አጋሩን ላሪ ሆምስን ሊገጥም ላስ ቬጋስ ላይ ተመለሰ። ክብደቱን ቀንሶ ስለቀረበ ብዙዎች የድሮው አሊ መሰላቸው። እጅና እግሩ ግን አልታዘዙትም፤ ከ10ኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ አንጀሎ ደንዲ ግጥሚያውን አስቆመ። በዓመቱ በትሬቨር በርቢክም ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ። ለሕመሙ ምክንያቱ ቡጢ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት አንጎልን እንደሚጎዳ ግን ሕክምና አረጋግጧል።

«ተሰናብቶ የተመለሰው ቡጢኛ ጆርጅ ፎርማንስ?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በ1994፣ በ45 ዓመቱ፣ ማይክል ሙረርን ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ነገር ግን ፎርማን 10 ዓመት ያህል ከምት ርቆ ቆይቷል፤ ከተመለሰም በኋላ ለዓመታት ደረጃ በደረጃ ተፈትኗል። የእሱ ዕድል ለሁሉም ሕግ ሊሆን አይችልም። «ሰውነቱ የራሱ ነው» የሚለው ሙግትም ክብደት አለው። ሆኖም የሚጎዳው ውሳኔውን የሚያመዛዝነው አንጎል ራሱ ነው፤ ከትኬቱ የሚያተርፉትም ሌሎች ናቸው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪዎች በድፍረት «አይሆንም» ይበሉ። እኛ ተመልካቾችም ጀግናችንን የምንወደው ከሆነ፣ ሲመታ ለማየት ገንዘብ አንክፈል።