የኪሳችን ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ጉዳይ ሰፊ ቢሆንም ጥያቄው አጭር ነው። ይኸውም፦ በገንዘባችን የገዛነው ኮምፒዩተር በእርግጥ የኛ ነውን? የሚል ነው።

ኮምፒዩተር ሲባል ብዙ ሰው በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ብቻ ያስባል። ነገር ግን በኪሳችን የምንይዘው ዘመናዊ ስልክ ራሱ ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ ቦሎቄውን ሸጦ ስልክ የገዛው የመልካሳ ገበሬ፣ አዳማ ገበያ ውላ የምትመለሰው ነጋዴ፣ የፋብሪካው ሠራተኛና ተማሪው ሁሉ ዛሬ የኮምፒዩተር ባለቤቶች ሆነዋል። በዚህ ዕቃ ውስጥ የቤተ ሰባችን ፎቶግራፍ፣ የወዳጆቻችን ቁጥር፣ የተጻጻፍነው ቃልና የሄድንበት መንገድ ይገኛል። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የብዙዎቻችን የገንዘብ ከረጢት እዚያው ገብቷል። እንዲህ ያለውን ሣጥን ከፍቶ የሚተኛ ብልኅ ሰው አይገኝም።

አባቶቻችን ምሥጢር የመጠበቅን ነገር አሳምረው ያውቁ ነበር። ደብዳቤያቸውን በማኅተም ያሽጉ ነበር፤ ገመና የሚለውም ቃል የቆየ ቃላችን ነው። ስልክ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ በኋላ መስመሩን በእጁ የሚያገናኘው ሠራተኛ ንግግሩን ሊሰማ ይችል ስለ ነበር፣ ብርቱ ጉዳይ ያለው ሰው በስልክ ከመናገር ይልቅ ታማኝ መልእክተኛ ቢልክ ይመርጥ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው ግላዊ ሕይወት እንዲከበር ያዛል፤ ደብዳቤውን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው በግልጽ ሕግና በአስገዳጅ ምክንያት ብቻ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ እኛ የተሰበሰበውን መረጃ እንድናውቅ፣ ስሕተቱን እንድናሳርምና በሕጉ በተወሰነው ሁኔታ እንድናስጠፋ መብት ሰጥቶናል።

ነገር ግን ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ የሚጠራው ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም ነው። ለክሱ እንደ ቀረበው ማስረጃ ከሆነ፣ በ2005 ዓ.ም. በኢሜይል የተላለፈለትን አንድ ጽሑፍ ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተተከለ። ፕሮግራሙም ለወራት ያህል በስካይፕ የተነጋገረውን ሲቀዳ፣ ቤተ ሰቡ የጻፈውንና በኢንተርኔት የፈለገውን ሲመዘግብ ቆየ ተባለ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ክፍል ስለዚህ ፕሮግራም ያደረገውን ጥናት አውጥቶ፣ የፕሮግራሙ ማዘዣ ከተገኘባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን ገለጸ። ሰውየው በየካቲት 2006 ዓ.ም. በዋሽንግተን ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ይሁን እንጂ ክሱ በ2008 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤትም ይህንኑ አጸና። ምክንያቱም የውጭ መንግሥት በእንዲህ ያለ በደል በዚያ የሚከሰሰው ድርጊቱ ሁሉ በአሜሪካ ምድር ላይ ሲፈጸም ብቻ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለው ዋና ነገር ሳይመረመር ቀረ።

የፖለቲካውን ክርክር ለታላላቆቻችን እንተወውና ለኛ የሚሆነውን ትምህርት እንውሰድ። ሰውየው ኮምፒዩተሩን በገንዘቡ ገዝቶታል፤ በቤቱም አስቀምጦታል። ነገር ግን በክሱ እንደተባለው ከሆነ ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ የሚሰጠው ሌላ ነበር። እንግዲህ ዕቃውን መያዝና ዕቃውን ማዘዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚደርሰው በሩቅ አገር ባሉ ሰዎች ላይ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ ሰፈራችን ይመልከት። አንዲት እናት አዲስ ስልክ ሲገዙ የሱቁ ልጅ አካውንቱን ራሱ ከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉን ራሱ አውጥቶ ሰጣቸው። እርሳቸውም አመስግነው ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልኩ ጠፋ፤ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ በዚያ አካውንት ውስጥ ቢቀመጥም ቁልፉን የሚያውቅ አልተገኘም። የሱቁ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ እርሱም ረስቶታል። እናትየዋ ግን ከሟች ልጃቸው የቀረችውን አንዲት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አላገኟትም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ብዙ ጊዜ «ምንም የምደብቀው የለኝም» ሲባል እሰማለሁ። ይህ አነጋገር ቅን ቢመስልም ስሕተት አለበት። በራችንን ስንዘጋ በቤታችን ውስጥ ወንጀል ስለምንሠራ አይደለም። ለሐኪም የነገርነው ሕመም፣ ለአባት የጻፍነው የይቅርታ ቃል ጥፋት ሳይሆን ገመና ነው። ደግሞም በስልካችን ያለው ሁሉ የኛ ብቻ አይደለም። የአክስታችን ቁጥር፣ ጓደኛችን አምኖ የነገረን ምሥጢር በአደራ የተቀመጠ ነው። የባትሪ መብራት የሚሆን ፕሮግራም ጭነን የስልክ ማውጫችንን ልይ ሲለን እሺ ብንል፣ አሳልፈን የሰጠነው የሰውን አደራ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ከስልክ የወጣም ነገር አይመለስም።

የአማርኛ መጻፊያችንንም ነገር ላንሣ። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ በመግባቱ ዛሬ በየስልካችን በቋንቋችን ለመጻፍ በቅተናል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም የምንጽፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃላችንን ሳይቀር ሊያይ ይችላል። ይህንንም ስልኩ ራሱ ስንጭነው ያስጠነቅቀናል፤ እኛ ግን ሳናነብ እሺ እንላለን። ስለዚህ መጻፊያውን ማን እንደ ሠራው ሳንጠይቅ መጫን አይገባንም። በ1976 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ፣ ተጠቃሚው የፕሮግራሙን አሠራር ሊያይና ሊለውጥ ይገባዋል ብሎ የነጻ ሶፍትዌርን እንቅስቃሴ ጀመረ። ከዚያም ሊኑክስ የተባለው ሥራ ተጨመረ፤ የአንድሮይድ ስልኮች መሠረትም ይኸው ሊኑክስ ነው። መሠረቱ ግን ክፍት ቢሆንም ከላይ የሚጫነው ብዙው ፕሮግራም ዝግ ነው። ስለዚህ ከኛ ከወጣቶቹ መካከል ሙያውን ተምረው፣ በቋንቋችን የሚሠራና ማንም ሊመረምረው የሚችል ፕሮግራም የሚጽፉ እንዲነሡ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ወላጆቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልናገር። ልጅን መጠበቅ የወላጅ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚክድ ልጅ የለም። ትንሽ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ በኢንተርኔት ላይ ቢለቀቅ ክፉ ሰው እንደሚያገኘው እናውቃለን። ነገር ግን ሌሊት ተደብቆ የልጅን ስልክ መበርበርና «ልጄ ሆይ፣ ስልክህን አብረን እንየው» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ልጁ ይበልጥ መደበቅን እንዲማር ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ችግር ሲገጥመው ወደ ወላጁ እንዲመጣ ያደርገዋል። ልጁም ሲያድግና ታማኝነቱን ሲያሳይ ቁልፉ ቀስ በቀስ ወደ እርሱ ሊተላለፍ ይገባል። እኛም ልጆች መታመን የምንፈልግ ከሆነ በቅድሚያ ታማኞች እንሁን።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ሁላችንም ልናደርገው የምንችለውን በአጭሩ እዘረዝራለሁ።

1ኛ/ ስልካችንን በይለፍ ቃል እንቆልፍ። የቴሌብርን የምሥጢር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣልንን ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ ከድርጅቱ ነኝ ብሎ ለሚደውልም ቢሆን አንንገር።

2ኛ/ አካውንታችንን ራሳችን እንክፈት፤ ሲም ካርዱም በስማችን ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን የምንሠራላቸው እኛ ልጆቻቸው እንሁን።

3ኛ/ ፕሮግራም ስንጭን የሚጠይቀውን ፈቃድ እናንብ፤ ለሥራው የማያስፈልገውን ማይክሮፎን፣ ካሜራ ወይም የስልክ ማውጫ እንከልክለው።

4ኛ/ ከማናውቀው ሰው የመጣውን ጽሑፍና ማስፈንጠሪያ አንክፈት፤ የምናውቀው ሰው የላከልን ቢመስልም አስቀድመን እንጠይቀው። ስልኩ አድሱኝ ሲለንም ቸል አንበል።

5ኛ/ ስልክ ለጥገና ስንሰጥ ሲም ካርዱንና ሚሞሪውን እናውጣ፤ ቢቻል ከጠጋኙ አጠገብ እንቀመጥ።

6ኛ/ የሌላውን ሰው ስልክ ያለ ፈቃዱ አንክፈት፤ በኛ ላይ እንዲደረግ የማንፈልገውን በሰው ላይ አናድርግ።

ክቡራንና ክቡራት፤ መልካሳ ለሥልጣኔ እንግዳ አይደለችም። በአዋሽ ውኃ ኤሌክትሪክ የሚመነጭባት፣ በእርሻ ምርምር ማዕከሏ የቦሎቄና የበቆሎ ዘር የሚሻሻልባት ከተማ ናት። ገበሬው ምርጥ ዘር ሲቀበል ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚፈልግ ጠይቆ ነው። እኛም አዲሱን መሣሪያ ስንቀበል እንዲሁ ጠይቀን እንቀበል። ስልክን ፈርቶ መጣል ሞኝነት ነው፤ ሳይጠይቁ ማመንም እንዲሁ ሞኝነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እያንዳንዳችን ዛሬ ማታ ቤታችን ስንደርስ የእናታችንን ስልክ ተቀብለን፣ ቁልፉ በእጃቸው መሆኑን በፈቃዳቸው አብረናቸው እንይላቸው።