የአንዱ ትጋትና የሌላው ዕረፍት



በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚኖር ገበሬ በበዓል ቀን በሬ አይጠምድም። አንዱ ደፍሮ ያረሰ እንደ ሆነ ጎረቤቶቹ የሚቈጡት ለነፍሱ ብቻ አስበው አይደለም፤ በእርሱ ጥፋት የሚወርደው በረዶ የእነርሱንም ገብስ ይመታል ብለው ስለሚያምኑ ነው። የበረዶውን ነገር ለሊቃውንቱ ልተወውና፥ የአንድ ሰው ሥራ የሰፈሩን ዕረፍት ያፈርሳል የሚለውን አሳብ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ልዋሰው።

በጐንደር ከተማ ሠራተኛው ማታ በፒያሳ በኩል ወደ ማራኪና ወደ አዘዞ ይበተናል። ከእራት በኋላ ቶናው ሲቀዳ ስልክ ይጮኻል። አንድ ትጉህ ባልደረባ በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ሪፖርት ልኳል። ያዘዘው የለም። ነገር ግን አለቃው ወዲያው ሲያመሰግነው፥ የቀሩት ሰነፍ እንዳይባሉ ከልጆቻቸው አጠገብ ተነሥተው መጻፍ ይጀምራሉ። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ የአንዱ ፈቃድ የሁሉ ግዴታ ሆኖ ይገኛል።

«ታዲያ ምን ጐዳን?» ይሉ ይሆናል። ጀርመናዊቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳቢነ ዞነንታግ ይህንኑ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከሥራ ሰዓት በኋላ አሳቡን ከሥራው የለየ ሰው ኀይሉ ይታደሳል፤ ሥጋው ቤት ገብቶ ልቡ ከቢሮ ያልወጣ ግን ድካሙን ይዞ ያድራል። ደክሞም ቢሆን ደብዳቤ መገልበጥ ይቻላል። አንድ ፋይል አምስት ጠረጴዛ የሚዞረው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፥ መንገዱንም ማሳጠር ግን ያረፈ አእምሮ ይፈልጋል። ይህ በጐደለ ጊዜ ከገጠር ሌሊት ተነሥቶ የመጣው ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ይባላል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ አዋጅ የቢሮውን በር እንጂ ስልኩን አይዘጋም። በፈረንሳይ አገር በ2009 ዓ.ም. በሥራ የዋለው ሕግ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ስለዚሁ ስለ ስልክና ስለ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ያዛል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ይበልጡን በአለቃው እጅ ያለ ይመስለኛል፤ ማታ ለመጣ ሪፖርት ምስጋናውን ለጧት ቢያቈየው የውድድሩ ግማሽ በዚያው ይበርዳል።

ትጉሁንም ልንወቅሰው አይገባም። ልጆቹ ሲተኙ ብቻ ጸጥታ የሚያገኝ ሰው አለና ሌሊት ይጻፍ። ቴሌግራም መልእክቱን ተቀብሎ በተባለው ሰዓት ያደርሳልና፥ ጧት በ2 ሰዓት ተኩል እንዲሄድ ይዘዘው።